ዳዶ እና ዳዶ

ባቱ ውስጥ አንድ ሄክታር መሬት ያለው ሰው ሽንኩርት ይተክላል። ሁለት ሄክታር ያለው ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ተክሎ በአንድ ሳምንት ሲነቅል ዋጋው መሬት ይወድቃል፤ በዓመቱ ሁሉም "ተማርኩ" ብሎ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ዋጋው ሰማይ ይወጣል። ይህን ሐይቁ ዳር የዓሣ አንጀት የሚጠብቀው አባ ኮዳ እንኳን ያውቀዋል። ጎረቤቴ ጋሼ ከዚህ ቁማር የወጡት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሁለት ሄክታር ተኩል መሬታቸውን ሮደስ ሣር ዘሩበት። "ሽንኩርት ያስለቅሳል። ሣር ያስለቀሰው ሰው አይተህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

አላየሁም ነበር። ያኔ ትራክተር አልገዙም።

ስሌታቸው እንከን አልነበረውም። አገራችን 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት አላት፤ አብዛኛው በጋ ላይ ሆዱ ጎድሎ ነው የሚያድረው። 400 ኪሎ የምትመዝን ዲቃላ ላም በቀን 10 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ካላገኘች ወተቱን ከየት ታምጣው? ከታኅሣሥ በኋላ ከመቂ እስከ ቡልቡላ ያለውን ሜዳ ያየ ሰው ግራርና አቧራ እንጂ ሌላ አያይም። በዚያ ላይ የባቱ ጋሪ አለ። ባጃጁ ቢበዛም የጋሪ ፈረስ ከከተማችን ገና አልወጣም፤ ፈረስ ደግሞ "ዛሬ የለም" ቢሉት አይሰማም፣ በየማታው ሣሩን ይፈልጋል። ሚያዝያ ላይ ድርቆሽ የከመረ ሰው በባቱ ሦስት ዓይነት ሰላምታ ይሰጠዋል።

ድርቆሽ ራሱ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ሣር ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል። መከራው ያለው ቀኑ ላይ ነው። ሣሩ ማበብ ሲጀምር ካልታጨደ ዘር ይቋጥራል፤ ዘር ከቋጠረ አገዳው ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ የሚታጨደው ስሙ ሣር ይሁን እንጂ ለላም ከማገዶ ብዙ አይሻልም። ቀድመው ካጨዱት ደግሞ ዝናቡ አልወጣም። ሳይደርቅ ካሰሩት ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ ይሻግታል፤ ክምሩ ትልቅ ከሆነ ከገዛ ሙቀቱ የተነሳ እሳት ሊይዝ ይችላል። በእኛ በኩል በሩ የሚከፈተው ከመስቀል በኋላ ነው። እርጥብ ሣር ይዘን ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ወርደን በኢሬቻ ክረምቱን ከሸኘን በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት የድርቆሽ ናቸው። ሦስት ወይም አራት ተከታታይ የፀሐይ ቀን ይበቃል። ማጭድ ያለው ሰው ይህን ከአያቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ትራክተር ያለው ሰው ግን አስቀድሞ ትራክተሩን ማስነሳት አለበት።

የጋሼ ትራክተር ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። ስለ ማሲ ክፉ አልናገርም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የተመረተ፣ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር የያዘ፣ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው፣ ዛሬም በብዙ አገር አፈር የሚገለብጥ ብረት ነው። እንግሊዝ አገር ጡረተኞች ቀለም ቀብተው፣ መብራቱን አሳምረው ለሰልፍ ያወጡታል። ለእነሱ የእሁድ ጨዋታ ነው። ለእኛ የሰኞ እንጀራ ነው። አዲሱን እንዳንገዛ፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለእርሻ መሣሪያ ቀረጡ ቢነሳም ገንዘቡ አልተነሳልንም። ጋሼ ማሲውን የገዙት ከአርሲ በኩል ነው፤ ስንተኛ ባለቤት እንደሆኑ ከሊብሬው ላይ መቁጠር ጀምሬ ደክሞኝ ትቼዋለሁ።

ትራክተር በእኛ አገር ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ርዳታ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሲቋቋም ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። አንዳንዱ ባለመሬት ግን ነገሩን በሌላ በኩል ተረዳው፤ ትራክተር ገዛና ጭሰኛውን አሰናበተ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ባለመሬቱ ራሱ ተሰናበተ። ትራክተሩ ግን የትም አልሄደም፤ ወደ መንግሥት እርሻ ተዛወረ። ቆይቶ ናዝሬት ላይ ቤላሩስ የሚገጣጥም ፋብሪካ ቆመ። ጭሰኛው ሄደ፣ ባለመሬቱ ሄደ፣ ጓዱም ሄደ፤ ትራክተሩ አለ። እንዲህ ያለ ዕድሜ ያለው ነገር ግቢው የገባለት ሰው ድምፁ ቢለወጥ አይፈረድበትም። ጋሼም ማሲው የገባ ዕለት "አጨዳ" የሚለውን ቃል ትተው "ሜካናይዜሽን" ማለት ጀመሩ።

እንግዲህ ማሲው ባትሪ አይዝም። አዲስ ባትሪ ይገዛ ሲባሉ "ሞተሪኖውም እኮ ደካማ ነው፤ በደካማ ሞተሪኖ ደህና ባትሪ ላበላሽ?" አሉ። ሞተሪኖው ይጠገን ሲባሉ "ባትሪ በሌለበት?" አሉ። ስለዚህ በግፊ ይነሳል። ሌላ አገር ቢሆን ማታ ዳገት ላይ አቁሞ ጠዋት ቁልቁል መልቀቅ ነው። ባቱ ግን ሜዳ ናት። ከደምበል ሐይቅ ዳር እስከ አስፋልቱ ቢሄዱ ብይ በራሱ የሚንከባለልበት ቁልቁለት ማግኘት ይቸግራል። እርግጥ አሉቶ ተራራ አለ፤ ግን ማን ነው ትራክተር ለማሳደር በየማታው አሉቶ የሚወጣው?

ጋሼ መፍትሔ አገኙ። ቁልቁለት አሠሩ።

ስምንት የቀን ሠራተኛ ስድስት ቀን ሙሉ ከመስኖ ቦይ ጠርዝ አፈር እያጋዘ፣ ከግቢያቸው ጀርባ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ጉብታ ቆመ። በአንድ በኩል መውጫ፣ በሌላው በኩል መንደርደሪያ አለው። የሠራተኞቹ ደሞዝ ሁለት ባትሪ ከነሞተሪኖው ጥገና ይሸፍን ነበር። ይህን ሒሳብ የሠራሁት እኔ ነኝ። ለጋሼ ሳልነግራቸው ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ማሲው መጀመሪያ ጉብታው ላይ ወጥቶ ሲቆም ሐውልት መስሎ ታየኝና ደስ አለኝ። የሰፈሩ ልጆች "ተራራው" ብለውታል። እንግዳ ሲመጣ "ከተራራው በስተግራ ታጠፍ" ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ አልታሰበም፦ ማሲው ተራራው ላይ የሚወጣው ሞተሩ ሲሠራ ነው። ታች ከጠፋ ወደ ላይ የሚጎትተው ሰው ነው፤ በገመድ፣ ከምሳ በፊት።

ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ላይ ሣሩ አበባ አወጣ። ጋሼ ስልካቸው ላይ ሦስት የአየር ትንበያ ጫኑ፤ ሦስቱ ሦስት ነገር ስለሚሉ ደስ ያላቸውን ይመርጣሉ። ሰኞ ጠዋት ማሲው ከተራራው ተንደረደረ፣ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ተነሳ። አጨበጨብን። ባለ መቀሱ ማጨጃ እየተንጫጫ ሣሩን በረድፍ አጋደመው። ሳቢሳዎች አንበጣ እየለቀሙ ከኋላ ተከተሉ። እስከ ቀትር የመሬቱ ግማሽ ተኛ። እውነቱን ለመናገር ያ ጠዋት የሃያ ሰው ማጭድ የሚሠራውን ሠርቷል። እንዲህ ዓይነት ጠዋት በዓመት አንድ ባይኖር ኖሮ ማናችንም አንሞኝም ነበር።

ሐሙስ ሣሩ ደረቀ፤ የቤለሯ ተራ ደረሰ። ቤለሯ ስሟ ከቀለሟ ጋር የተላጠ አሮጊት ናት። ሣሩን ከመሬት ታነሳለች፣ ታምቃለች፣ በሁለት ሲባጎ ታስራለች፤ ወይም እንዲህ ማድረግ ይገባት ነበር። ቋጠሮውን የሚሠራው ክፍሏ ቁጭ ብለው የሚያዩት ነገር ነው። የወፍ መንቆር የምትመስል ብረት ዞራ ክሩን ትጠመጥማለች፣ አፏን ከፍታ ጫፉን ትነክሳለች፣ ስትስበው ቋጠሮ ሆኖ ይወጣል። መላውን ጆን አፕልቢ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ለስንዴ ነዶ ማሰሪያ ያበጀው ነው፤ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። የጋሼ ቤለር የግራ መንቆሯ ይቋጥራል፤ የቀኟ አይቋጥርም። በአንድ ሲባጎ የታሰረ ድርቆሽ ሲወጣ ባንድ ጎኑ ተጨብጦ በሌላው ይዘረጋል፣ ልክ እንደ ማራገቢያ። ለዚህም መፍትሔ ተገኘ፤ አንድ ልጅ ተቀጠረ። ልጁ ከቤለሯ ኋላ እየሮጠ የቀኙን ሲባጎ በእጁ ይቋጥራል። ራሷ እንድትቋጥር ለተፈለሰፈች ማሽን ቋጣሪ ተቀጠረላት ማለት ነው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት "አውቶማቲክ ነኝ" ይላል።

ዘጠነኛዋ እስር ላይ ቤለሯ ቋ! ብላ ቆመች። ከግራው መንቆር ዘንግ ላይ አንዲት ዳዶ ወልቃ ሣር ውስጥ ገብታለች።

ጋራዥ ላልዋለ አንባቢ፦ ዳዶ ቡሎን ጫፍ ላይ ገብታ የምትጠብቀው ናት። የጋራዥ ቋንቋችን እንደምታውቁት ጣሊያንኛ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ። ትራክተሩ እንግሊዝ፣ የብልቱ ስም ጣሊያን፣ አገር በቀሉ ስድቡ ብቻ ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ድርቆሽ የሚባል ነገር ተረሳ። ሥራችን ዳዶ ሆነ። አሥራ አራት ሰው ተንበርክኮ በእጁ እየዳበሰ ፈለገ። ተራ ዳዶ እንዳትመስላችሁ፤ ጥርሷ የድሮ የእንግሊዝ ነው፣ በሚሊሜትር የሚለካው አይገባላትም። ባቱ ያሉ ጋራዦች ተጠየቁ፤ የለም። አዳማ ቶርኖ ቤት ተደወለ፤ "ናሙናውን አምጡና እንቆርጥላችኋለን" አሉ። ናሙናው እኮ ነው የጠፋው። ቡሎኑን ነቅለን እንዳንልክ ከዘንጉ ጋር አንድ አካል ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለሚሠራ ዘመድ ተደወለ፤ "ፎቶ አንሱና ላኩ" አለ። የጠፋ ዳዶ ፎቶ እንዴት ይነሳል? የነበረችበትን ቦታ አንስተን ላክንለት። "እዚህ ላይ ምንም የለም" ብሎ መለሰ።

እስቲ ያ ሰሞን እናንተም መጥታችሁ ባያችሁን። ከማሽን ሥር የተኛ ሰው አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ወንድ ባቱ ውስጥ የለም። ይቆማል፤ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፤ ጎንበስ ይልና "ፖምፓው ነው" ይላል። ፖምፓው አይደለም ሲባል "እንግዲያው ኤሌክትሪኩ ነው" ይላል። ቤለር ኤሌክትሪክ የላትም። አንዱ በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በሽቦ አስሮ ሁለት ዓመት እንደሠራበት ተናገረ፤ በሽቦ ታሰረ፤ ሽቦው በሦስት ዙር ተበጠሰ። ቡና በሦስት ቤት ተፈላልን። አንድ ባለጋሪ በየማታው ድርቆሽ ሊገዛ ይመጣና ፈረሱን ይዞ ቆሞ ያየናል። ስድስተኛው ቀን ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኔ ፈረስ ዳዶ ጠፍቶበት አያውቅም" አለ። ጋሼ ከቤለሯ ሥር ሆነው "ፈረስህ በሰዓት ስንት እስር ያስራል?" አሉት። ሁላችንም ሳቅን፤ ጋሼን ደግፈን።

የቀረውን ያልታጨደ ግማሽ ለምን በማጨጃው አንሠራም ያልኩበት ቀን ነበር። ለዚያ ቤለሯ ከማሲው መፈታት አለባት፤ ማሲው ተራራው ላይ መጎተት አለበት። "ዳዶዋ ዛሬ ማታ ትመጣለች፤ ፈትተን መልሰን ልንገጥም ነው?" አሉኝ። ነገሩ ልክ መሰለኝ። በማግሥቱም ልክ መሰለኝ። በየወረዳው ግቢ ጥግ፣ ጎማው መሬት የሰመጠ፣ ሣር የበቀለበት ብረት ስታዩ፣ ዳዶው ዛሬ ማታ ይመጣል ተብሎ የቆመ መሆኑን ዕወቁ።

የጋሼን ባለቤት አዴ እንላቸዋለን። ላሞቹን የሚያልቡት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ላም የሚያስቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። በየማታው ይመጡና ከረድፉ አንድ እፍኝ ሣር አንስተው እንደ ገመድ ይጠመዝዙታል፣ ያሸቱታል፣ ይጥሉታል። ትንበያ አይጭኑም። መጀመሪያው ሐሙስ "ድርቆሽ ነው" አሉ። ቅዳሜ "ጭድ ነው" አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ያልታጨደውን አንዱን አገዳ ቀጭ አድርገው ሰበሩና "ይኼ አጥር ነው" ብለው ሄዱ። በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከሦስቱ ትንበያዎች አንዱም ያልተናገረው ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ጋሼ ሮጠው ወጡ፤ ሸራ ይዘው። ሸራውን ያለበሱት ቤለሯን ነው።

እሁድ አዴ ልጅ ላኩ። በኦሮምኛም ዳዶ አለ፤ ከጋራዡ ጋር ዝምድና የለውም። ጎረቤት ተሰብስቦ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው በየተራ የሚሠራው ሥራ ነው፤ አማርኛው ወንፈል የሚለው። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሃያ ሁለት ሰው ማጭድና መንሽ ይዞ ቆመ። ዝናብ የመታውን ሴቶቹ ገለበጡት፤ ውስጡ ጠቁሯል፣ ከላም ሥር ከሚነጠፍ በቀር ለሌላ አይሆንም። የቆመውን ወንዶቹ ዘር ቢቋጥርም አጨዱት። ማሰሪያው የሰፈር አናጢ የሠራው የእንጨት ሳጥን ነው፤ ከታች ሁለት ሲባጎ ይዘረጋል፣ ሣር ይጨመራል፣ ሰው ገብቶ ይረግጠዋል፣ ይታሰራል፣ ይወጣል። ሳጥኗ በሚስማር የተመታች ናት፤ የሚወልቅ ነገር የላትም። ጋሼ በበኩላቸው ቤለሯ ሥር ተኝተው "እዚያ ጋ አጥብቁት!" እያሉ ሥራውን መሩ።

የሳጥኑ ረጋጭ እኔ ነበርኩ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እግሬ ሥር አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ጎንበስ ብዬ ስዳብስ ዳዶዋ ናት።

ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አላየኝም። ብናገር የሚሆነው ገባኝ፤ ሃያ ሁለቱም ማጭዱን ጥሎ ማሲውን ሊጎትት ይሄዳል፤ ከሁሉ ቀድሜ የምሄደው ደግሞ እኔ ነኝ። ኪሴ ከተትኳትና መርገጤን ቀጠልኩ። ለጋሼ የሰጠኋቸው ረቡዕ ማታ፣ የመጨረሻዋ እስር ጣራ ሥር ከገባች በኋላ ነው። ሳሙኝ። በዚያው ምሽት በእጅ ባትሪ ብርሃን ተገጠመች፤ ሐሙስ ጠዋት ማሲው በገመድ ተራራው ላይ ወጣ፣ ተንደረደረ፣ ተነሳ። መሬቱ ላይ የሚታሰር ሣር ስላልነበረ ለሙከራ ከታሰሩት ውስጥ አሥሩ ተፈተው ተበተኑ። ሦስት እስር አሰረች፤ በአራተኛው የግራ መንቆሯ ተሰበረ።

ዳዶ ብድር አለበት። ሃያ ሁለት ሰው ሦስት ቀን ሠርቷል፤ በየተራው ይመለሳል። ጋሼ ሰውን ሰብስበው "እኔ በትራክተር እመልስላችኋለሁ፤ አንድ ቀን የማሲ ከሦስት ቀን የሰው ይበልጣል" አሉ። ሰዉ ተያየ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና "እግዜር ይስጥልን፤ እርስዎ ራስዎ ቢመጡልን ይሻለናል" አሉ።

ከእኛ ቤት ተራው የእኔ ነው፤ ማክሰኞ ሽንኩርት ነቀላ አለብኝ። እስከዚያ ግን አንድ ልመና አለኝ። አርሲም ሁኑ ባሌ፣ ግቢያችሁ ጥግ አሮጌ ቤለር የተጣለባችሁ አንባቢዎች፣ ለቆራሌው ከመሸጣችሁ በፊት የግራ መንቆሯን እዩልን። ደህና ከሆነ ባቱ ድረስ ይዛችሁልን ብትመጡ ዋጋውን ጋሼ ይከፍላሉ። ከተራራው በስተግራ ነን።